ከሄርማታ ገበያ የገዛሁት ቀረፋ በቤት ውስጥ ዳቦና ኬክ ሲፈተን

ጅማ ሄርማታ ገበያ፣ ቅመም ተራ ውስጥ፣ ከአንዲት እናት ቅመም መግዛት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጎን ሁለት ዓይነት ቀረፋ በሁለት ጆንያ ያስቀምጣሉ፤ ቀረፋ ስጠይቃቸውም ሚዛኑን ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ «ለሻይ ነው ልጄ፣ ወይስ ለዳቦ?» ይሉኛል። ለረጅም ጊዜ ይህን ጥያቄ እንደ ገበያ ወግ ቆጥሬ «ከደህናው ይሁንልኝ» እያልኩ አልፈው ነበር። ከደህናው ማለት ደግሞ በእኔ አፍ ከውዱ ማለት ስለሆነ፣ ስሱን ቀረፋ መዝነው ይሰጡኛል። ቤት ገብቼ የምጋግረው የቀረፋ ጥቅል ዳቦ ግን ከምድጃው ሲወጣ የስኳርና የቅቤ እንጂ የቀረፋ መዓዛ አልነበረውም። ጥፋቱን ሁሉ በምድጃዬ ላይ ሳላክክ ከቆየሁ በኋላ፣ የሴትየዋ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ እውነተኛ ጥያቄ እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ከእሳቸው ዘንድ ከወፍራሙም ከስሱም ቀረፋ 100 ግራም 100 ግራም አስመዝኜ፣ ከአንድ ሱቅ ደግሞ ተፈጭቶ በፕላስቲክ የታሸገ ቀረፋ ጨምሬ፣ በሦስት ተከታታይ እሑዶች በሦስት ዓይነት ሊጥ፣ በአንድ ምድጃ ሞከርኳቸው። ፍርዴን ለመስማት የሚቸኩል አንባቢ ካለ አስቀድሜ ልናገር፤ ለጥቅል ዳቦና ለብስኩት በቤት የተፈጨው ወፍራም ቀረፋ የሚወዳደረው አላገኘሁም፣ ስሱ ቀረፋ ለቀላል ኬክና ለልጆች ለሚጋገር ነገር ይመረጣል፣ የታሸገውን ዱቄት ግን ሁለተኛ አልገዛም።

የልዩነቱ ምክንያት ከስሙ ይጀምራል። በገበያችን ቀረፋ የሚባለው አንድ ነገር ሳይሆን የአንድ ወገን የሆኑ የተለያዩ ዛፎች ልጥ ነው። ስሱ ቀረፋ በዋናነት ከስሪላንካ የሚታወቀው፣ በቀድሞው የደሴቲቱ ስም የሲሎን ቀረፋ የሚባለው ነው። ልጅ እግር ቅርንጫፎቹ ከተቆረጡ በኋላ የውጭው ሻካራ ቅርፊት ተፍቆ ይጣላል፤ የውስጡ ስስ ልጥ ደግሞ በጥንቃቄ ተገፎ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተደረበ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጥቅል እስኪሆን ይሠራና ይደርቃል። ገበያ ላይ የምናየው ከዚያ ጥቅል የተቆራረጠው ነው። ወፍራሙ በሌላው ዓለም ካሲያ በመባል የሚታወቀው ሲሆን ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም የሚመጣ ነው። ልጡ ወፍራም ስለሆነ ሲደርቅ ከሁለት ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ አንድ ንብርብር ብቻ ይዞ ይቀራል። ሁለቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ስሱ ፈካ ያለ ቡናማ ነው፣ ጫፉ ሲታይ ብዙ ንብርብር አለው፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል፤ ወፍራሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ በእጅ ለመስበርም ጉልበት ይጠይቃል። ከተፈጩ በኋላ ግን በዓይን መለየቱ አስቸጋሪ ነው።

(የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ቀረፋ የሚበቅለው በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ይመስላቸው ነበር። ነጋዴዎች ከእስያ ያመጡትን በቀንዱ ወደቦች በኩል ስለሚያሳልፉትና ምንጩን ስለማይናገሩ ነው። ዛሬ ዛፉ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሞቃትና እርጥበታማ ቦታዎች ተተክሎ ይለማል፤ ቴፒ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ከሚሠራባቸው ሰብሎች አንዱ ነው። የእነዚያ ሰዎች ስህተት ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በመጠኑ እውነት ሆነ ማለት ይቻላል።)

ስለ ሻጯ አገልግሎት ጥቂት ልበል። ሚዛናቸው ትክክል ነው፤ ቤት ውስጥ ባለኝ ትንሽ ሚዛን ደግሜ ስመዝነው 100 ግራሙ ጥቂት አልፎ እንጂ ጎድሎ አላገኘሁትም። ልጡን ሰብሬ እንዳሸተው ይፈቅዳሉ፣ የጆንያው ታች ያለውን ስባሪና ብናኝ አብረው አይመዝኑም፣ ምንም ቅሬታ ሳያሳዩ ርካሹን ለሚፈልግ ርካሹን ይሰጣሉ። ይህን የምለው በስሱና በወፍራሙ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከእጥፍ በላይ በመሆኑ፣ «ለዳቦ» ላለ ሰው ወፍራሙን መምከር ለነጋዴ ኪሳራ ስለሆነ ነው። ነቀፋም አለኝ። ጆንያዎቹ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው ከበርበሬው አጠገብ ይውላሉ፤ በመጀመሪያው ግዢዬ ከላይ የነበሩት ስንጥሮች ላይ የበርበሬ ሽታ ነበር። በዝናብ ወራት ደግሞ የጅማ አየር እንደምናውቀው ነው፣ እርጥበቱ ልጡን ያለሰልሰዋል፣ የለሰለሰ ልጥም አይፈጭም። የትኛው ቀረፋ ከየት አገር እንደመጣ የሚገልጽ ጽሑፍም በጆንያው ላይ የለም፤ ገዢው በዓይኑና በአፍንጫው መፍረድ ይኖርበታል። የእኔ መፍትሔ ከጆንያው መሐል እንዲዘግኑልኝ መጠየቅ ነው፤ ቅር ሳይላቸው ያደርጉታል።

ወደ ፈተናው ልግባ። ስሱን ቀረፋ በሙቀጫ ለመውቀጥ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወፍራሙ ግን ዘነዘናውን እየመለሰ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ስንጥሮቹን በደረቅ ብረት ምጣድ ላይ በለሰስ ያለ እሳት ለሁለት ደቂቃ ያህል አሙቄ፣ ከቀዘቀዙ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘና ከሰባበርኳቸው በኋላ፣ በኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ ፈጨኋቸው። ማሞቁ እርጥበቱን አውጥቶ ልጡን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ነገር ግን እስኪያጨስ ከቆየ መዓዛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በወንፊት ሳያልፍ የቀረውን ሸካራ ለሻይ አስቀመጥኩት። በዚያው መፍጫ ቡና ለመፍጨት ለሚያስብ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ መፍጫው ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላም ቡናዬ ቀረፋ ቀረፋ ይል ነበር። በቡና አገር ተቀምጦ እንዲህ ያለ በደል መፈጸም ያሳፍራል።

የመጀመሪያው እሑድ ፈተና ጥቅል ዳቦ ነበር። ለ12 ጥቅል 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም ስኳርና 70 ግራም የገበታ ቅቤ አቦካለሁ። ለመሐሉ ደግሞ 80 ግራም የለሰለሰ ቅቤ፣ 120 ግራም ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ፣ ማለትም ወደ 7 ግራም፣ እጠቀማለሁ። ሊጡን ለሦስት ከፍዬ አንዱን በወፍራሙ፣ አንዱን በስሱ፣ አንዱን በታሸገው ዱቄት ቀባሁና በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ ጋገርኩ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በተገኘ መመሪያ የሚጋግር ሰው ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ቢመለከት ይሻለዋል።

ውጤቱን ለጎረቤቶቼ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግር አቀረብኩ። ወፍራሙን የቀመሱት ሁሉ ከመቅመሳቸው በፊት በሽታው ለይተው «ይህ ቀረፋ አለው» አሉ። ስሱ ያለበትን አንዲት እናት «ቅርንፉድ ጨምረህበታል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ያልተሳሳተ ምላስ ነው፤ ምክንያቱም በስሱ ቀረፋ ውስጥ የቅርንፉድን መዓዛ የሚሰጠው ዩጂኖል የሚባለው ቅመም ዘይት በትንሹ ይገኛል፣ በወፍራሙ ውስጥ ግን የለም በሚባል ደረጃ ነው። የቀረፋን ዋና ጠረን የሚሰጠው ሲናማልዴሃይድ በበኩሉ በወፍራሙ ውስጥ በርከት ይላል። ስኳር፣ ቅቤና የእርሾ ሽታ በተሰበሰቡበት፣ በዚያ ላይ በምድጃ ሙቀት ውስጥ፣ ለስለስ ያለው መዓዛ ድምፁ አይሰማም። ለሻይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ውስጥ የሚሸፍነው ነገር ስለሌለ የስሱ ቀረፋ ረቂቅነት ይወጣል፣ ወፍራሙ ደግሞ ብዙ ከፈላ ምላስ የሚይዝ ምሬት ያመጣል። የሴትየዋ ጥያቄ ትርጉም ይኸው ነው።

ስለ መሐሉ ቅባት አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ቅቤው ቀልጦ ከተቀባ ከስኳሩ ጋር ወደ ትሪው ወርዶ ይቃጠላል፣ ጥቅሉም ባዶ ይቀራል። ቅቤው በጣት ሲነካ የሚለሰልስ እንጂ የሚፈስ መሆን የለበትም፤ ከቀረፋውና ከስኳሩ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቢጨመርበት የሚወጣውን ፈሳሽ ይይዘዋል። ቀረፋውን በደረቁ ከመነስነስ ይልቅ ከቅቤው ጋር አሽቶ ጥቂት ማቆየቱም ይጠቅማል፤ የቀረፋ መዓዛ በቅባት ውስጥ በደንብ ይሟሟልና። የተነጠረና በኮረሪማ የተቀመመ የቤት ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ ሞክሬው ጥቅሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተኝ።

በሁለተኛው እሑድ ስሕተት ሠራሁ። ድፎ ዳቦ ላይ ቀረፋ ቢገባ ምን ይመስላል ብዬ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወፍራሙን ዱቄት ከሊጡ ጋር አብሬ አቦካሁት። በአንድ ሰዓት ተኩል ኩፍ የሚለው ሊጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቶም እንደ ተኛ ነበር። እርሾውን ጠርጥሬ ሌላ ፓኬት ከፍቼ ከሞከርኩ በኋላ ነው ምክንያቱ ቀረፋው ራሱ እንደሆነ የገባኝ፤ ሲናማልዴሃይድ ሻጋታንና እርሾን የማዳከም ባሕርይ አለው። ቀረፋ በእርሾ ሊጥ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሊጡ መጀመሪያ ኩፍ ካለ በኋላ፣ በንብርብሩ መካከል መሆን አለበት፤ ጥቅል ዳቦም የተፈጠረው በዚህ መልክ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ድፎውን በኮባ ጠቅልዬ ጋግሬው ተበላ፤ ነገር ግን የኮባውና የቀረፋው መዓዛ አልተስማሙም። ድፎ ጥቁር አዝሙዱ ይበቃዋል፣ ቀረፋ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ፈተና የጾም የሙዝ ኬክ ነበር። ጅማ ሙዝ አይቸግርም፣ ቆዳው ነጠብጣብ ያወጣው ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ሦስት የበሰለ ሙዝ ፈጭቼ፣ 250 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ተጠቀምኩ። ቀረፋውን በለብታ ዘይት ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አቆይቼ ነው የቀላቀልኩት። የመጀመሪያው ዙር በመጋገር ላይ እያለ መብራት ጠፍቶ ኬኩ መሐሉ ጎድጉዶ ቀረ፤ በማግሥቱ ደገምኩት። እዚህ ላይ ስሱ ቀረፋ አሸነፈ። ወፍራሙ የሙዙን ጣዕም ውጦ ኬኩን የቀረፋ ኬክ ሲያደርገው፣ ስሱ ከሙዙ ጋር ተስማምቶ ከኋላ የሚመጣ ሙቀት ሰጠ። እርሾ ስለሌለበትም ኩፍ ማለቱ አልተጎዳም። ከሁለቱም ጋር ሩብ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ መጨመርን ሞክሬ፣ ከወፍራሙ ጋር ሲሆን ይበልጥ ወደድኩት፤ ኮረሪማው ያለው ቀዝቃዛ መዓዛ የወፍራሙን ሹልነት ያበርደዋል። አንዲት አክስቴ ግን ቀምሰው «ኮረሪማ በደጃችን እያለ ከባሕር ማዶ ልጥ ማስመጣት ምን ይሉታል» ብለዋል፣ ሐሳባቸውንም ለአንባቢ ሳላስተላልፍ አልቀርም።

የታሸገው ዱቄት ላይ ብዙ አልቆይም። ሲከፈት መዓዛው ደካማ ነበር፣ ቀለሙ ወጥ ነው፣ ጥቅል ዳቦው ላይ ቡናማ መስመር ከማሳየት በቀር የሠራው ነገር የለም። የተፈጨ ቅመም ለአየር የሚጋለጠው ገጹ ብዙ ስለሆነ ተናኙ ዘይት በወራት ውስጥ ይወጣል፤ ፓኬቱ ላይ የታሸገበት ቀን አለመኖሩም ነገሩን አባብሶታል። ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ለሕፃናት የሚሸጥ በቀረፋ የተቀመመ የተፈጨ ፖም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ ተገኝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ተጎድተው ነበር፤ የእርሳሱ ምንጭም የተፈጨው ቀረፋ ሆኖ ተገኘ። ይህ እኔ ከገዛሁት ፓኬት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን ባልተፈጨ ልጥ ውስጥ ባዕድ ነገር ለመደባለቅ እንደማይመች፣ በዱቄት ውስጥ ግን ቀላል እንደሆነ ያሳያል።

ወፍራሙን እንዲህ ካመሰገንኩ ጉዳቱንም መናገር አለብኝ። በወፍራሙ ቀረፋ ውስጥ ኩማሪን የሚባል፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ንጥረ ነገር አለ፤ በስሱ ውስጥ ግን መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ዕድሜ ልክ ቢወሰድ የማይጎዳው መጠን በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው ይላል። በአማካይ የኩማሪን ይዘት ሲሰላ ይህ 60 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በቀን 2 ግራም ያህል፣ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ደግሞ ግማሽ ግራም ያህል ወፍራም ቀረፋ ይሆናል። ከላይ በሰጠሁት መጠን አንድ ጥቅል ዳቦ ውስጥ 0.6 ግራም ገደማ ቀረፋ አለ። ስለዚህ በበዓል ወይም በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጥቅል የበላ ልጅ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ልኩ የተቀመጠው በየቀኑ ለሚወስድ ነውና። ለልጆች ጠዋት ጠዋት ገንፎና አጥሚት ላይ ቀረፋ የሚነሰንስ ቤት ግን ዋጋው ቢከብድም ስሱን ቢገዛ ይመረጣል። ቀረፋ በማር በጥብጦ በማንኪያ እንደ መድኃኒት በየዕለቱ የሚወስድ ሰው፣ በተለይም የጉበት ሕመም ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚጠቀም፣ ሐኪሙን አስቀድሞ ቢያማክር ጥሩ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ልጡን በጠርሙስ ከድኜ ከምድጃው ርቆ በሚገኝ ጨለማ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ፤ የምፈጨውም ለሁለት ሳምንት የሚበቃኝን ብቻ ነው። በክረምት ጠርሙሱ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ የተቆላ ሩዝ እጨምራለሁ፣ እርጥበቱን ይስባል። በዚህ አኳኋን ልጡ ዓመት ቢቆይም መዓዛው አይጠፋም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሄርማታ ተመልሼ ሄድኩ። «ለዳቦ ነው» አልኳቸው ሳይጠይቁኝ፤ ሳቅ ብለው እጃቸውን ወደ ወፍራሙ ጆንያ ሰደዱ። 200 ግራም ከመሐሉ አስዘገንኩና፣ ለእህቴ ልጅ የሙዝ ኬክ የሚሆን 50 ግራም ከስሱ ጨምሬ ወጣሁ።